አባዬ፣ ስለ ፎቶው ዝም ያልኩበት

አባዬ እንደምን ከረምክ፣ እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው፣ እኔ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታውን አሳጠርኩት ብለህ እንዳትቀየመኝ፣ ካንዛዛሁት ዋናው ነገር ጋ ሳልደርስ እንደ ሁሌው "ሁሉ ሰላም ነው" ብዬ ልዘጋው ነው። የምታነብልህ ሚሚ ናት አይደል? ሚሚ፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ ስላንቺ ያልኩትንም ቢሆን አንብቢለት።

እሁድ የላክልኝን ቮይስ ሰማሁት። "ፎቶው አልደረሰህም እንዴ ልጄ፣ አራት ወር ሙሉ አንዲት ቃል አጣህለት?" አልክ። ደርሶኛል አባዬ። የሚሚ ሰርግ ፎቶ ሊንክ የደረሰኝ በሰርጉ ሳምንት ነው፣ ለሚሚም "በጣም ያምራል" ብዬ ጽፌላት ነበር፣ ውሸቴን ነው፣ አልከፈትኩትም። የከፈትኩት ያለፈው ቅዳሜ ነው።

ተናድጄ ነበራ። ለዓይንህ ሞራ ማስገፈፊያ ብዬ የላክሁት ብር ድንኳንና ሰንጋ መሆኑን የሰማሁት ከአክስቴ ነው፣ ካንተ እንኳ አይደለም። ሚሚዬ አንቺን አይደለም፣ ላንቺማ ቢሆን ሌላም ሰንጋ ይጣል፣ ግን ሠላሳ ዓመት በዓይኑ እንጀራ የበላ ሰው፣ የደሴን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ የገዛ ልጁ ስትዳር በጉም ውስጥ ቆሞ ይይ? "ነጭ ነገር ሲያልፍ ይታየኛል፣ እሷ መሆኗን የማውቀው በሽቶዋ ነው" አልክ አሉ። አክስቴ እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መኪና ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ብሩን እንዴት እንዳጠራቀምኩት ደግሞ... እሱን ተወው።

ፎቶውን እንድከፍት ያደረገኝ አንድ ካርቶን ነው። እዚህ ሰው ቤት ሲለቅ ወይ ሰው ሲሞትበት የማይፈልገውን መጽሐፍ ለእርዳታ ይሰጣል፣ እሱ በካርቶን በካርቶን እኛ ጋ ይመጣና የሚሸጠውን ተመልሶ ወረቀት ሊሆን ከሚፈጨው መለየት ነው ሥራው (ሥራው ያልኩት አመለጠኝ፣ እመለስበታለሁ)። ሐሙስ ሌሊት የመጣው ውስጥ ስድስት ትልልቅ የፎቶ መጽሐፍ ነበረ፣ ስድስቱም ዉድስቶክ ስለሚሉት የሙዚቃ ፌስቲቫል። ጥራዛቸውን እርጥበት በልቶታል፣ ስለዚ የሚፈጩ ናቸው፣ ኃላፊዬን ልውሰዳቸው ወይ ብለው ውሰድ አለኝ። አንተም ሳትሰማ አትቀርም፣ ያ ጎፈሬው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ፎቶ ቤት ግድግዳው ላይ ከጥላሁን ገሠሠ ጎን የለጠፍከው፣ እሱ የተጫወተበት ነው።

ቀኑን ወደኛ መነዘርኩት። ከነሐሴ 9 እስከ 12 ቀን 1961። ፍልሰታ እኮ ነው! እናንተ ጾማችሁን ስታስቀድሱ እነዚህ ኒውዮርክ ገጠር ውስጥ ጭቃ ላይ ሲጨፍሩ። ሄንድሪክስ የወጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰኞ ጠዋት፣ በኛ የቡሄ ዋዜማ ማለት ነው፣ አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል፣ ሜዳው ቆሻሻና ብርድ ልብስ ብቻ፣ እሱ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር አንስቶ ቦምብ ሲወርድ እስኪመስል ያስጮኸዋል። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነው፣ እኩዮቹ እየሄዱ የሚሞቱበት። ደሴ ላይ ደግሞ በዚያው ቀን ጅራፍ ይጮሃል። አንተ ያኔ 17 ዓመትህ ነው፣ ፎቶ ቤት ተቀጥረህ ፊልም ማጠብ የምትማርበት ክረምት፣ ልክ ነኝ?

ድግሱ ራሱ ደግሞ የጉድ ነው። ስሙ ዉድስቶክ ይባል እንጂ የተደረገው ዉድስቶክ ከተማ አይደለም፣ ከዚያ 70 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ነው፣ ከደሴ ሐይቅ ደርሰህ ብትመለስ እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ ዎልኪል የምትባል ከተማ ልናደርገው ነው ብለው ነበር፣ አንድ ወር ሲቀራቸው አይሆንም ተባሉ። ማክስ ያስገር የሚባል ወተት ነጋዴ ገበሬ ነው ቤተል የምትባል ከተማ ላይ ማሳውን ያከራያቸው። ጎረቤቶቹ ሂፒ (እነዚያ ጸጉረ ረጅም ወጣቶች) ወዳድ ነው ወተቱን እንዳትገዙ የሚል ምልክት ተከሉበት፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። 50 ሺህ ሰው ነው የሚመጣ ብለው ለአካባቢው ባለሥልጣን ነገሩ፣ አስቀድሞ የተሸጠው ቲኬት ብቻ 186 ሺህ፣ የመጣው ሰው ደግሞ ከ400 ሺህ በላይ ነው ይባላል። አጥሩ ተሠርቶ እንኳ አላለቀም ነበር፣ ስለዚ ምን ያድርጉ፣ በነፃ ግቡ አሉ። መንገዱ በመኪና ተዘጋ፣ ዘፋኞቹ በሄሊኮፕተር ገቡ፣ የመጀመሪያው ቀን የተረኞቹ ባንድ መንገድ ላይ ስለቀረ ሪቺ ሄቨንስ የሚባለውን ጥቁር ዘፋኝ በጊታሩ ቀድመህ ውጣ አሉት፣ ጨረስኩ ሲል ጨምር፣ ጨረስኩ ሲል ጨምር፣ የሚዘፍነው ሲያልቅበት "ነፃነት" የምትለዋን ቃል ይዞ እንደ አዝማሪ እዚያው ፈጠረ።

ምግቡም አለቀ። እና አባዬ እዚህ ጋ ነው አንተ የደገስከውን ሰርግ ያየሁት። አጠገቡ ያለችው የሞንቲሴሎ ከተማ የአይሁድ ማኅበር ሴቶች ሳንድዊች በሺህ እየሠሩ አስላኩ። የኛ እድር ሴቶች በላቸው! ሚሚ እንደነገረችኝ 300 ጠርታችሁ 700 ሲመጣ እነ እትዬ ከየቤታቸው እንጀራ በሞሶብ ይዘው እንደወጡት። የደገሱት ልጆች ደግሞ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ከስረው ዕዳ ውስጥ ገቡ፣ ካሳቢዎቹ አንዱ 24 ዓመቱ ነበር። 24 ዓመት ልጅ ይሁን፣ አንተ 73 ሆነህ ምን ነካህ? እየቀለድኩ ነው። ግማሹን።

ሁሉም ደስታ አልነበረም፣ መጽሐፎቹም አይደብቁትም፣ አንድ ልጅ ተሸፋፍኖ ተኝቶ ሳለ ትራክተር ሄደበት፣ በሃሺሽና በመርፌ የተጎዳም ነበረ። አንተ "ሥርዓት የለሾች" ትላቸው ነበር አውቃለሁ፣ ግማሽ ራቁታቸውን የሆኑ ገጾች ስላሉ እማዬ እንዳታይ።

አሁን ፎቶዎቹን ልንገርህ። ኤሊየት ላንዲ የሚባለው የፌስቲቫሉ ኦፊሻል ፎቶግራፈር ነበር፣ የሱ ብዙ አለ። እኔን የያዘኝ ግን በርክ አዝል የሚባል ሰው ያነሳው አንዱ ነው። እሁድ ማለዳ ነው፣ ብርሃኑ ገና ግራጫ፣ አንተ "ወተት ብርሃን" የምትለው፣ ጥላ የሌለው። ኮረብታው ላይ ሰው በያለበት ወድቋል፣ የጦር ሜዳ ነው የሚመስለው፣ መሃል ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም 20 ዓመታቸው፣ አንድ ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ለሁለት ተከናንበው ተቃቅፈው ቆመዋል። አጠገባቸው እንጨት ላይ የታሰረች ቢራቢሮ አለች፣ ፕላስቲክ ነገር። ምንም አያደርጉም። ደክሟቸዋል። ማንም እያነሳቸው መሆኑን አያውቁም፣ በሚቀጥለው ዓመት የፌስቲቫሉ ሸክላ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ እነሱ ናቸው፣ ጓደኛቸው ቤት ሸክላውን እየተቀባበሉ ሲያዩት ነው ብርድ ልብሳቸውን የለዩት። በሁለት ዓመቱ ተጋቡ፣ ከዚያ ሃምሳ ዓመት አለፋቸው፣ ሞት ነው የለያቸው። ያለ ሰንጋ ያለ ድንኳን የተነሱት ፎቶ ከየትኛውም የሰርግ ፎቶ ቀድሞ ሰርጋቸው ሆነ።

አንተ ምን ትል ነበር? ሰው ፎቶ እንደሚነሳ ካላወቀ ነው ፊቱ የራሱ የሚሆነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ "ቆይ ፊልም ላስገባ" እያልክ ወሬ አስጀምረህ በመሃል ቀጭ ታደርገው ነበር።

ከካርቶኑ ሥር ደግሞ ፖስታ ውስጥ 23 ልቅ ፎቶ አገኘሁ። የመጽሐፍ አይደለም፣ የሰው ነው፣ ቤተሰብ ያነሳው። ነጩ ጠርዝ ላይ "ሴፕቴምበር 69" የሚል በፈረንጅ አቆጣጠር ታትሞበታል፣ የታጠበበት ወር መሆኑ ነው፣ ካንተ ነው ያወቅሁት። የተሰለፈ መኪና፣ ጭቃ የነካው እግር፣ ከኋላ የተነሳች ረጅም ጸጉር ሴት፣ አንዱ ደብዝዞ ሰማይ ብቻ። ሁሉንም ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፣ ስም የለም፣ ምንም። አንተ ሁሌ በእርሳስ የምትጽፈውን፣ የማን ልጅ፣ የት፣ መቼ፣ ፈለግሁት።

ለዚያ ሜዳ የሚደረገውን ብታይ ትገረማለህ። በ2008 እንደ ፈረንጅ ቦታው ላይ ሙዚየም ተከፈተ፣ በ2018 ደግሞ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች መድረኩ በትክክል የቆመበትን ለማወቅ ቆፈሩ። አርኪዮሎጂ አባዬ! እንደ ላሊበላ! የሦስት አራት ቀን ዘፈን የቆመበትን እንጨት ጉድጓድ ፍለጋ።

እና ያንተ ኔጋቲቮች ትዝ አሉኝ። በኛ በ2014 ፎቶ ቤቱ ተሰብሮ የሠላሳ ዓመት ኔጋቲቭ ፒያሳ አስፋልት ላይ ተበትኖ ሰው ሲረግጠው እማዬ ናት የነገረችኝ። እኔ ያኔ "ዋናው እናንተ ተረፋችሁ" ብዬ አለፍኩት። ስንት እንደቀረ፣ ምን እንደቀረ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁህም። አንተም አላነሳህብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የማላውቀውን ሰው 23 ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቁጭ ብዬ ነው ይሄ የገባኝ፣ እና አፍሬ ስልኬን አወጣሁና የሚሚን ሊንክ ከፈትኩት።

612 ፎቶ። ሁሉንም አየሁት፣ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሚሚ እንዴት ነው እንደዚህ እማዬን የመሰልሽው? ጥልፉን ማን ሠራው? ሙሽራው ደህና ልጅ ይመስላል፣ ሲበላ የተነሳውን አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ላንቺ ነው የሚያጎርስሽ፣ ካሜራውን ሳያይ። እሱን ወድጄዋለሁ። አባዬ አንተ ግን ሁሉም ላይ ወደ ድምፅ ነው የዞርከው፣ ሰው ወደሚያወራበት፣ ካሜራው ሌላ ጋ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሌንስ ስተህ የማታውቅ።

ከዚያ 214ኛው ላይ ደረስኩ። ጋሼ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሙሽሮቹን ለኔ በቪዲዮ የሚያሳይበት። የተቀጠረው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ስልኩ ላይ ፎከስ አድርጎ ነው ያነሳው፣ ስክሪኑ ውስጥ እኔ ቁልጭ ብዬ አለሁ። ለናንተ ምን ብዬ ነበር? ፈቃድ ወስጄ ቤቴ ነኝ፣ ሱፍ ለብሼ አብሬያችሁ ነኝ። እዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። አዎ ኮቱን ከላይ ደርቤያለሁ፣ ግን ከሥሩ ቢጫው አንጸባራቂ ሰደርያ ወጥቷል፣ ከኋላዬ እስከ ጣሪያ ካርቶን።

ቢሮ አይደለም የምሠራው አባዬ። መጋዘን ነው፣ የሌሊት ነው፣ መጽሐፍ መለየት። ስድስት ዓመት ቢሮ እያልኩ ነው ያወራሁህ፣ አንተም ለሰው ቢሮ እያልክ አውርተሃል፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ደህና ሥራ ነው ደግሞ፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፣ ወገቤን አልፎ አልፎ ይሰማኛል እንጂ ይሞቃል፣ ሰው ክፉ አይደለም፣ እረፍት ላይ መጽሐፍ አነባለሁ። ዋሽቼ የጀመርኩት አንድ ቀን ነው ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። ሚሚ ይሄንን አይተሽዋል አይደል? ከጥር ጀምሮ አይተሽው ዝም ብለሽኛል። እኔ ደግሞ የተቀየምኩ እኔ ነኝ ብዬ አራት ወር።

ብሩን ዛሬ ልኬያለሁ፣ በሚሚ አካውንት ነው፣ ተቆጣ ከፈለግህ። የአንዱ ዓይን ይበቃል፣ ሁለተኛውን ለመስከረም። ሚሚ ቀጠሮውን አንቺ ያዢለት፣ እሱ "ክረምቱ ይውጣ" ይልሻል፣ እንዳትሰሚው። እድር ምናምን ዕዳ ካለም ንገሪኝ፣ እሱን ለብቻው እናያለን፣ ከዓይኑ ብር ግን አምስት ሳንቲም እንዳይነካ።

23ቱን ፎቶ አልጣልኳቸውም። ወደ ደሴ የሚመጣ ሰው ሳገኝ ከቢራቢሮዋ መጽሐፍ ጋር እልክልሃለሁ፣ ፋሻው ሲፈታ የምታየው ነገር ይኑርህ። የተረፈ ኔጋቲቭ ካለ ደግሞ ሚሚ ውሃ በማይደርስበት ታስቀምጠው፣ እዚህ ስካን የሚያደርግ ማሽን አለ፣ የማን የማን እንደሆነ አንተ ትነግረኛለህ እኔ እጽፋለሁ።

214ን ግን መጀመሪያ እንዳትከፍቺለት። እማዬና አንቺ እስክስታ ስትመቱ ያለው አለ፣ 388ኛው፣ እሱን አሳዪው። ከዚያ ሲጠይቅ ያንን። አብሽር አባዬ፣ ኮቱ ያንተ ነው፣ ስመጣ የሰጠኸኝ፣ አሁንም ልኬ ነው።