ለደንበኞቻችን፦ የብስክሌት ፖድካስት አዘጋጅን ስታመሰግኑ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጥገና ቤታችን ውስጥ ከፍተን የምንሰማውን ፖድካስት ወዳችሁት «አዘጋጁን እንዴት እናበረታታው?» የምትሉን በርክታችኋል። ብቻውን የሚቀርጽ፣ ብቻውን የሚያርም፣ ስፖንሰር የሌለው ሰው ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ይኸው።

ከሁሉ በፊት የድምፅ ፋይሉን አውርዳችሁ በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁት። በቅንነት እንደምታደርጉት እናውቃለን። ነገር ግን የፖድካስት አድማጭ የሚቆጠረው ፋይሉ ከተቀመጠበት ሰርቨር ሲወርድ ነው። አንዱ አውርዶ ለ300 ሰው ቢያዳርስ አዘጋጁ የሚያየው 1 አድማጭ ብቻ ነው፤ ነገ ማስታወቂያ ሊጠይቅ ሲሄድም ይዞ የሚሄደው ያንኑ ቁጥር ነው። ሊንኩን ላኩ። የራሱ ቻናል ካለው ደግሞ ከዚያው ፎርዋርድ አድርጉ፤ እንዲህ ሲሆን የተመለከተው ሰው ብዛት ከዋናው ፖስት ጋር ይደመራል። ዳታ ለሚያሳስባችሁ፦ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥራት የተዘጋጀ የ1 ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት ገደማ፣ በ128 የተዘጋጀው እጥፉ ነው። ዋይፋይ ባለበት አውርዱት። ብስክሌት እየነዳችሁ የምትሰሙ ከሆነ በቀኝ ጆሯችሁ ብቻ ይሁን፤ መኪና የሚያልፋችሁ በግራ ነው።

«በርታ» ማለት ደስ ያሰኛል፤ ቀጣዩን ዝግጅት ለመሥራት ግን አይረዳም። የሚረዳው ጥሩ ጥያቄ ነው። «ካቴናዬ ይዘላል፣ ምን ላድርግ?» ለሚል ሰው እኛም ብስክሌቱን ሳናይ መልስ የለንም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «የኋላው 9 ማርሽ ነው፤ የሚዘለው ትንሹ ጥርስ ላይ፣ ዳገት ስረግጥ ብቻ ነው፤ የጀመረው ካቴናውን ከቀየርኩ ወዲህ ነው።» መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፤ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ አይቀመጥም። አሮጌው ካቴና ካልተጣለ ልኩንም ጨምሩ። ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ 24 አንጓ ስትቆጥሩ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። 307 ከደረሰ አርጅቷል፤ ጥርሱንም ይዞት ሄዷል።

ጥያቄውን በድምፅ ስትልኩ ከ45 ሰከንድ አይለፍ። የቴሌግራም ማይክ ድምፁን ስለሚጨምቀው በስልኩ መቅረጫ ቀድታችሁ እንደ ፋይል ላኩት። ስልኩን ከአፋችሁ 15 ሴንቲሜትር ያህል አርቁት፤ ትንሽም ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ» እና «ጰ» እንደ ጥይት ይጮሃሉ። መጋረጃና ፍራሽ ያለበት ክፍል ይመረጣል። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት ዋጋ የለውም።

ስሕተት ስታርሙ ደቂቃውን ጥቀሱ፦ «18፡40 ላይ ቢንያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ 2 የዕለት ውድድር አሸነፈ ብለሃል፤ 3 ናቸው፤ 3ኛው፣ 8ኛውና 12ኛው።» አዘጋጁ ቦታውን ፈልጎ ለማረም አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። «ብዙ ስሕተት አለብህ» የሚል መልእክት ግን ሙሉውን እንደገና ያስደምጠዋል፣ ከዚያም ያናድደዋል።

ገንዘብ መላክ የምትፈልጉ፣ በውጭ ድረ ገጾች የሚሰበሰብ ድጋፍ ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል። አዘጋጁ የቴሌብር ቁጥር ካስቀመጠ ይቀላል። አንድ ጊዜ ከሚላክ 600 ብር በየወሩ የሚላክ 50 ብር ይሻላል፤ የሰርቨሩ ሂሳብም በየወሩ ነው የሚመጣው። ገንዘብ ለሌለው ፎሎው ማድረግና ኮከብ መስጠት በቂ ነው።

ቤታችሁ ጫጫታ ከሆነ የኋላ ክፍላችን ከቀኑ 6፡30 እስከ 7፡30 ክፍት ነው። በዚያ ሰዓት ኮምፕረሰሩን እናጠፋለን። ካቴናውንም ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንለካዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የጥገና ቤቱ ባልደረቦች