አየር የሚያሸት ሰማያዊ ቀለም

ይድረስ ለወዳጄ ለሰለሞን፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እማማስ፣ ሳሉ ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! በጣም ናፍቀኸኛል።

የት ጠፋህ ካልከኝ አንድ ሰማያዊ ቀለም ይዞኝ ነው፤ አየር ውስጥ ያለ ጎጂ ጋዝ የሚያሸት መሣሪያ፣ ሴንሰር የሚሉትን፣ እየሠራንበት ነው። ኮፐር ፍታሎሲያኒን ይባላል። የማተሚያ ቤት ሰማያዊ ቀለም ውስጥ፣ የመኪና ቀለም ውስጥ ሁሌ ታየዋለህ። የዚህ ቀለም ዘመድ በፈረንጆች 1928 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግሬንጅማውዝ በሚባል ከተማ፣ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሳይታሰብ ነው የተገኘው። የማብሰያው የውስጥ ልባጥ ተሰንጥቆ ኬሚካሉ ብረቱን ነካው፤ ያልተጠበቀ ሰማያዊ ነገር ወጣ። ሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል ብቻ የሚያሳልፍ ቁስ፣ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር የሚሉት ሞለኪውሉ በካርቦን ላይ የተገነባ ስለሆነ ነው።

እኛ የቀለሙን ዱቄት ቫኪዩም ውስጥ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ማለቴ ነው፣ እናሞቀዋለን። አይቀልጥም፤ በቀጥታ ይተንና ከላይ የተሰቀለው መስታወት ላይ ያርፋል። መስታወቱ ላይ ቀድመን የተጠላለፉ ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች አስምረንበታል። ስናወጣው ቀለሙ በጭንቅ ይታያል፤ ውፍረቱ በአስር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ነው። በወርቁ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክም እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚያ ትንሽ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እንለቅበታለን። ከናፍጣ መኪና ጭስ የሚወጣው፣ ሳንባ የሚያቃጥለው ጋዝ ማለቴ ነው። ጋዙ ሽፋኑ ላይ ያርፍና ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል። በተነጠቀው ቦታ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚህ ቀለም ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት ክፍተቶቹ ስለሆኑ ስክሪኑ ላይ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ይወጣል። አሞኒያ ስትሰጠው ግን ኤሌክትሮን ይለግስና መስመሩ ይወርዳል። ሶል፣ ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞቃል!

ችግሩ የሚመጣው ጋዙን ዘግተን ንጹህ አየር ስንሰጠው ነው። መስመሩ ይወርዳል፣ ግን እየተጎተተ፤ መነሻው ላይም አይደርስም። ዕጣን የታጠነ ጋቢ አስብ፤ ማጨሻው ከተነሳ በኋላም ሽታው አብሮህ ይውላል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ሴንሰሩ ምን ያህል ትንሽ ጋዝ እንደሚያውቅ ነው። እርግጥ ያስፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የዚህን ጋዝ ዓመታዊ ገደብ በሜትር ኩብ ከ40 ወደ 10 ማይክሮግራም አውርዶታል። ይህ ከቢሊዮን የአየር ሞለኪውሎች አምስት ገደማ ማለት ነው። እኔ ግን የምለው መጀመሪያ መልቀቅ ይቻል ነው። የጠዋቱን ጭስ ከሰዓትም ይዞ የሚቆይ መሣሪያ ለማንም አይጠቅምም። ደግሞ ምልክቱን የሚሰጠንም፣ ጋዙን የሚያስረውም ያው የኤሌክትሮን ንጥቂያ ነው። አንዱን ስትጨምር ሌላው ይብስብሃል።

ሽፋኑን ማሞቅ ይረዳል፤ ሞቅ ሲል ጋዙ ቶሎ ይለቃል። ሌላው ዘዴ መስመሩ የት እንደደረሰ ትቶ በምን ፍጥነት እንደወጣ ማንበብ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ታሸተዋለህ፣ ከዚያ ታጸዳዋለህ። እኔ ልቤ ያለው እዚህኛው ላይ ነው። እርጥበት ግን ያስቸግረናል፤ የውሃ ትነት ንባቡን ያዛባዋል።

የምጽፍልህ ለዚህም ነው። ቤታችሁ አውራ መንገድ ዳር ነው፤ እማማም ማታ መስኮት የሚዘጉት ጭሱን ሸሽተው እንደሆነ አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ አንዱን ሴንሰር ልላክልህና መስኮቱ ላይ እንስቀለው። ዝናቡና ጭሱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚል ማየት እፈልጋለሁ። ቁጥሩን ግን ለጊዜው እንዳታምነው፤ ከተረጋገጠ መሣሪያ ጎን ለጎን አቁመን እስክናስተያየው ድረስ ለማንም አትንገር። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፦ ሰፈራችሁ መብራት አሁንም ይጠፋል? ማሞቂያው ኃይል ይፈልጋል፤ ከጠፋ ባትሪ ልጨምርበት።

እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወዳጅህ ዳዊት