ከስተሻል ላልሽኝ እህቴ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ጠፋሁብሽ አይደል? ሥራው ፋታ አልሰጠኝም፤ ደግሞም ላንቺ በጥድፊያ መጻፍ አልወድም። አንቺ ግን ሳትቀየሚኝ ፎቶዬን አይተሽ "ከስተሻል፤ ለመሆኑ እዚያ አገር ምን ትበያለሽ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይኼ በሁለት መስመር የሚመለስ ጥያቄ አይደለምና ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

እህትዓለም፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደ አሁን ተመችቶኝ አያውቅም። ትዝ ይልሽ እንደሆነ አዲስ አበባ ሳለን ቁርስ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ወደ ሥራ መሮጥ ነበር። እዚህ ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ከመጣሁ ወዲህ ግን ትንሽ ሩዝና አንድ ጎድጓዳ ሳህን የሚሶ ሾርባ ሳልቀምስ ከቤት አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ደግፎ የሚያውለኝ እሱ ነው።

ሚሶ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አኩሪ አተር ተቀቅሎ ይደቅቃል፣ ከጨውና ኮጂ ከሚሉት እርሾ ጋር ይለወሳል፣ ከዚያ ታፍኖ ይቀመጣል። ኮጂ በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ወይም ገብስ ላይ ሆን ተብሎ የሚበቅል ነጭ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ስልሽ ፊትሽ እንዳይጨማደድ። ጃፓኖች ሶያ ሶሱንም፣ ሳኬ የሚሉትን የሩዝ መጠጣቸውንም፣ ሚሶውንም የሚሠሩት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሪቱ የጠመቃ ማኅበር ብሔራዊ ሻጋታ ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። የአኩሪ አተሩን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፣ የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ሚሶ ጨው ጨው ብቻ የማይለው ለዚህ ነው።

እማማ በዓቢይ ጾም የሚያዘጋጁትን ስልጆ አስቢ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ተከድኖ ሲሰነብት ያ ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚይዝ ነገር ይሆን የለ? ሚሶን የሥጋ ዘመዱ አድርገሽ ውሰጂው። ስልጆ ግን በቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ ሚሶ ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ዓመታት።

ባለፈው ጥር አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ቤታቸው ጠርተውኝ አብረን ሠራን። ብርዱ ወቅት የሚመረጠው ሳይበላሽ ቀስ ብሎ እንዲብላላ ነው። አኩሪ አተሩ ሲዘፈዘፍ አድሮ ሲቀቀል ዋለ። መብሰሉ የሚታወቀው አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መሃል ይዘው ሲጫኗት ድቅቅ ካለች ነው። በሌላ ጣት አይሆንም አሉኝ። ትንሿ ጣት ጉልበት የላትም፤ በእሷ ከደቀቀ በእርግጥ በስሏል። ከዚያ ትኩሱን በላስቲክ ከረጢት አድርገን በጠርሙስ ዳመጥነው። ኮጂውንና ጨውን በእጃችን እያሸን ቀላቀልነው። የኮጂው ጣፋጭ ሽታ እስከ ማታ እጄ ላይ ነበር። በመጨረሻ የተለወሰውን በቡጢ በቡጢ መጠን እያድቦለቦልን ማስቀመጫው ውስጥ በኃይል መወርወር ነው። መሃሉ ላይ አየር ከቀረ ይሻግታል፣ ያኛው ደግሞ መጥፎው ሻጋታ ነው። ከላይ ጨው ነስንሰን፣ ከባድ ነገር ጭነንበት ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። የበጋው ሙቀት አለፈበት። ኅዳር ላይ ስንከፍተው ገረጣ ያለ ቢጫ የነበረው ቡናማ ሆኖ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። እኔ በእጄ የሠራሁት ነገር እንዲህ ሆኖ ሳየው የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም።

እኔ ያለሁበት አካባቢ ደግሞ የሚሶ አገር ነው። ከናጎያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ብትሄጂ ኦካዛኪ ትደርሻለሽ። ኋላ ሾጉን ሆኖ ጃፓንን የገዛው ቶኩጋዋ ኢኤያሱ እ.ኤ.አ. በ1543 የተወለደው እዚያ ባለው ግንብ ውስጥ ነው። ከግንቡ ብዙም ሳይርቅ ሀቾ ሚሶ የሚሠሩ ሁለት አሮጌ ቤቶች በጥንቱ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1337፣ ሌላው ከ1645 ጀምሮ እንደሠሩ ይናገራሉ። ለጎብኚ ክፍት ናቸውና ሄጄ አይቻለሁ። ከሰው ቁመት የሚበልጡ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረዋል። አንዱ ብቻ ስድስት ቶን ያህል ሚሶ ይይዛል። አናቱ ላይ ደግሞ ሦስት ቶን የሚሆን የወንዝ ድንጋይ ተከምሯል። ድንጋዩ ያለ ምንም ማያያዣ በእጅ እየተመረጠ የሚደረደር ነው፣ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ እንኳ እንዳይንደው ተደርጎ ነው። የካቡን አሠራር ለመልመድ ዓመታት ይወስዳል። ይኼኛው ሚሶ ሩዝም ገብስም የለበትም፤ ኮጂው ራሱ አኩሪ አተሩ ላይ ነው የሚያድገው። ሁለት በጋና ሁለት ብርድ ካለፈበት በኋላ ሊጠቁር ጥቂት የቀረው ሆኖ ይወጣል። ጣዕሙ ኃይለኛ ነው። መረር፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ከዚያ አፍ ውስጥ ይቆያል። የናጎያ ሰው ወፍራም የስንዴ ፓስታውን በዚሁ ቀቅሎ ከነሸክላ ድስቱ ሲፍለቀለቅ ይበላዋል።

ሌላው ቦታ ሌላ ነው። የኪዮቶው ነጭና ጣፋጭ፣ ጨውም የማይበዛበት ነው። የናጋኖው ቢጫ ሆኖ በአገሩ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው። ኪዩሹ ላይ በገብስ ይሠሩታል። ላንቺ ለመጀመሪያ የምመርጥልሽ የናጋኖውን ነው።

አሁን ወደ ሾርባው። ማታ ኮምቡ የሚባል የደረቀ የባሕር ቅጠል ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት እጥደዋለሁ፣ ሊፈላ ሲል ቅጠሉን አወጣለሁ። የቀረው ውሃ ዳሺ ይባላል። መልኩ ተራ ውሃ ነው፣ ሲቀመስ ግን የሆነ የሚጥም ነገር አለው። ኪኩናኤ ኢኬዳ የሚባል የቶኪዮ ኬሚስት ይኼ ጣዕም ከምን መጣ ብሎ ሲመረምር ነው እ.ኤ.አ. በ1908 ግሉታሜትን ከኮምቡ ለይቶ ያወጣው። ብዙ ሰው የደረቀ ዓሣ ፍቆ ይጨምርበታል። ከዚያ ያለሽን አትክልት ታስገቢያለሽ። ዱባ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር)፣ የፈለግሽው። ሲበስል እሳቱን አጥፊ። አሁን ሚሶውን ጭልፋ ላይ አድርጊና ጭልፋውን ሾርባው ውስጥ ግማሽ ድረስ ነክረሽ በሹካ እያማሰልሽ አሟሚው። እንዲሁ ከጣልሽው ይጓጉላል። ደግሞ አደራሽን፣ ሚሶው ከገባ በኋላ መልሰሽ አታፍዪው። ከፈላ ያ ደስ የሚል ሽታው ይጠፋል፣ በውስጡ ያሉት ሕያው ነገሮችም ይሞታሉ።

የሚጠጣበት ሳህን ከእንጨት ስለሆነ እጅ አያቃጥልም። ማንኪያ የለም፣ በሁለት እጅ ይዘሽ ከአፉ ትጠጪዋለሽ። ከመጠጣትሽ በፊት ትንሽ ብታዪው ሚሶው ከሥር እየተነሳ መሃል ላይ ይዘረጋል፣ በጎን በኩል ይወርዳል፣ እንደገና ይነሳል። ሙቀቱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ፣ አልሰለቸኝም። የመጀመሪያው ጉንጭ ሲወርድ ትከሻዬ ሲፈታ ይታወቀኛል። ብርዱ ወቅት ላይ ጉንፋን ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ እኚያው ጎረቤቴ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልለው በሬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ውስጡ የተፈጨ ዝንጅብልና እንቁላል ነበረበት። ከአገሬ ርቄ ታምሜ ያንን ስጠጣ አለቀስኩ። የሰው እጅ እንዲህ ነው የሚያድነው።

ስለ ጤናው ልንገርሽ፣ ግን ሳላጋንን። ሚሶ ፕሮቲን አለው፣ አስቀድሞ የተብላላ ስለሆነ ሆድ ላይ አይከብድም፣ አትክልት በብዛት ያስበላል። መድኃኒት ግን አይደለም። ጨዉ ቀላል አይደለም፤ የተለመደው ሚሶ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ያህሉ ጨው ነው። አንድ ሳህን ሾርባ ወደ 1.5 ግራም ጨው ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። ስለዚህ እኔ በቀን አንዴ ብቻ ነው የምጠጣው፤ በዚያ ላይ አትክልቱን አብዝቼ ሚሶውን እቀንሳለሁ። ይኼን የተማርኩት ከናጋኖ ነው። ድሮ ያ አካባቢ በስትሮክ የሚሞተው ሰው ብዙ ነበር፤ ብርዳም ተራራማ አገር ስለሆነ ጨው የበዛበት ምግብ ይዘወተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጨው ቅነሳ ዘመቻ ተጀመረ። ፈቃደኛ ሴቶች የጨው መለኪያ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ የየሰዉን ሚሶ ሾርባ ለኩ። ተዉት አላሉም። አቅጥኑት፣ አትክልት ጨምሩበት አሉ። ዛሬ ናጋኖ ጃፓን ውስጥ ሰው ረጅም ዕድሜ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። እኔን የሚያስደስተኝ ይኼ ነው። የሚወዱትን ምግብ ሳይነጥቋቸው ጤናቸውን መለሱላቸው። እማማ ግፊት ስላለባቸው ግን ሐኪማቸውን ሳትጠይቂ እንዳታቀምሻቸው።

ጾም ላይ ደግሞ እንዴት እንደሚያወጣኝ! ረቡዕና ዓርብ የደረቀውን ዓሣ እተውና ኮምቡውን ሺታኬ ከሚባል የደረቀ እንጉዳይ ጋር እዘፈዝፋለሁ። የቡድሃ ገዳማት ውስጥ ያሉ መነኮሳትም ሥጋና ዓሣ ስለማይነኩ ዳሺያቸውን የሚያወጡት እንዲሁ ነው። እዚህ ማንም የኔን ጾም አያውቀውም፣ የጾም ምግብ ግን ከገዳሞቻቸው ተበድሬ እበላለሁ። ባዕድነቴን ያቀለለልኝ ነገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሚሶውን በስኳርና በሰሊጥ ለውሼ የተጠበሰ ደበርጃን ላይ እቀባዋለሁ። አንቺ ደበርጃን እንደምትወጂ ስለማውቅ ሁሌ ትዝ ትይኛለሽ።

ለፋሲካ ፈቃድ ካገኘሁ እመጣለሁ። ቢጫውን ላንቺ፣ ነጩን ለልጆቹ ይዤ እመጣለሁ፤ ልጆች ጣፋጩን ይወዱታል። ፍሪጅ ውስጥ ክዳኑን ጠበቅ አድርገሽ ካስቀመጥሽው ብዙ ወር ይቆያል። ኮምቡም አመጣልሽ ዘንድ ሻንጣዬ ላይ ቦታ ይዣለሁ። አንቺ ደግሞ የእማማን ስልጆ አሠራር ጠይቀሽ ጻፊልኝ፤ ሰናፍጩ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ። ጎረቤቴን ስነግራቸው ካልቀመስኩ አሉ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ለእማማ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በይልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያንቺው እህት
ከናጎያ