የልጃችሁ ደብተር ባዶ ቢሆን አትደንግጡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። የማስተምረው ኤልኬጂ ነው፤ ልጆቼ 4 እና 5 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ለወላጆችና ለትምህርት ቤት ባለቤቶች ነው። እባካችሁ፣ እነዚህን ልጆች በሞሉት ገጽ ብዛት አትመዝኗቸው።

ልጁ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚከፈተው ቦርሳው ነው። ደብተሩ በ«ሀ» ተሞልቶ ከመጣ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ባዶ ከሆነ ግን «ለዚህ ነው እንዴ የምንከፍለው?» ይባላል። መምህርቷም ይህን ስለምታውቅ ስታስገለብጥ ትውላለች። የ4 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓው አጥንት ገና አልጠነከረም። ጣቶቹም እርሳስ ለመቆጣጠር አቅም የላቸውም። ስለዚህ እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱ እስኪቀደድ ይጫነዋል። ቶሎ ይደክመዋል፤ ከዚያ መጻፍ ያስጠላዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ደግሞስ ገልብጦ የሞላ ልጅ ፊደል ለየ ማለት ነው? «ሚ»ን ለብቻዋ አሳዩት። ብዙዎቹ «መ፣ ሙ» ብለው ከመጀመሪያው ተነስተው እየቆጠሩ ነው የሚደርሱባት። የቄስ ትምህርት ቤት ልጁ እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ እየነካ ነበር የሚቆጥረው። ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎም ተራውን አደባልቆ የሚያስቆጥረው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» አለ። የለመደው ዜማ ሲሰበርበት ልጁ ፊደሏን በዓይኑ ማየት ግድ ይሆንበታል።

እኛ ክፍል በጭቃ ነው የምንጀምረው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለየብቻ በቃል ማስያዝ ልጁን ማስጨነቅ ነው። በእጅ ሲሠራ ግን ነገሩ ይቀላል። «በ»ን ውሰዱ። ልጆቹ ጭቃውን በመዳፋቸው እያድበለበሉ አንድ ጣራና ሁለት እግር ይሠራሉ፤ «በ» ሆነች። ወገቧ ላይ በስተቀኝ ትንሽ ቁራጭ ሲለጥፉ «ቡ»። ቁራጯን ወደ እግሯ ሲያወርዷት «ቢ»። እዚያው እግሯ ላይ በቁራጯ ፋንታ ቀለበት ሲያደርጉ «ቤ»። ቁራጯ ወደ ግራ ወገቧ ስትዞር «ብ»። የግራ እግሯን ቆንጠር አድርገው ሲያሳጥሩት «ባ»፣ የቀኙን ሲያሳጥሩት «ቦ»። ሰባቱም ከአንድ እፍኝ ጭቃ ወጡ።

አንዲት ልጅ «ቤ»ን እንደጨረሰች ማንም ሳይነግራት ጭቃውን አፍርሳ «ለ»ን ሠራች። ቀለበቷን አንስታ ቀኝ እግሯ ላይ ለጠፈችና «ሌ!» ብላ ጮኸች። «ሌ»ን ገና አላስተማርኳትም ነበር። እርግጥ ሁሉም ፊደል እንዲህ አይታዘዝም። «ረ» እና «ፈ» የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ሳድስም (እንደ «ብ» ያለው ስድስተኛው ፊደል) ያስቸግራል። እነሱን ሌላ ቀን ለብቻ እንይዛቸዋለን።

ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከየግሮሰሪው ቆርኪ ለቅመን ውስጡ ፊደል እንለጥፋለን፤ ልጆቹ እየደረደሩ ስማቸውን ይሠሩበታል። ልጅ መጀመሪያ መጻፍ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው። ድምፅ ለመለየት ደግሞ እንቆቅልሽ አለን። «እንቆቅልሽ» ስል «ምን አውቅልሽ» ይላሉ። «በ"በ" ይጀምራል፣ ወጥ ያቀላል» እላለሁ፤ «በርበሬ!» ይላሉ። አንዱ «ባቄላ» ካለ ጓደኞቹ «እሱማ የ"ባ" ነው!» ብለው ያርሙታል።

ክፍሉ ጠባብ፣ ልጁ ብዙ ነው የምትሉ የኦ ክፍል (በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) መምህራን እውነታችሁን ነው። እኔም ሁሉንም ባንዴ ጭቃ አላስይዝም። አንዱ ቡድን ጭቃ ሲሠራ ሌላው ቆርኪ ይደረድራል፣ ሌላው ሥዕል ይሥላል። እርሳስም አይነኩም አላልኩም። ቀጣዩ ክፍል ዩኬጂ ሲደርሱ ጣታቸው ጠንክሮ፣ ፊደሉንም ለይተው እርሳሱን ይይዙታል።

ወላጆች፣ ቦርሳውን ከመክፈታችሁ በፊት «ዛሬ በእጅህ ምን ሠራህ?» በሉት። ትሪ ላይ ጨው ነስንሳችሁ አንዲት ፊደል በጣቱ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት። ባለቤቶችም መምህርቷን ስትገመግሙ ደብተር ከምትቆጥሩ ክፍሏ ገብታችሁ ተቀመጡ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። የቆየ ጋዜጣ ክፍል ውስጥ በጣም ይጠቅመናል። ልጆቹ ከርዕሶቹ ላይ የስማቸውን ፊደላት እየፈለጉ በቀለም ያከብባሉ። የዜናው ፊደል ግን ለእነሱ ደቃቅ ነው። በየሳምንቱ አንድ ማዕዘን ለሕፃናት ብትሰጡልን፣ አንድ የፊደል ዘር ከነሰባቱ ጎላ አድርጋችሁ ብታትሙልን፣ ቆርጠን እንጠቀምበታለን።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
ከደሴ