ከሮተርዳም እስከ ኪንደርዳይክ፤ ለባሕር ዳር ወዳጄ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ። አስቀድሜ ግን ስላለፈው ቅዳሜ ልንገርህ፤ ብዕር ያስያዘኝ ያ ቀን ነውና።

እናንተ ዘንድ ዝናቡ ጣናን በሚሞላበት በዚህ በሐምሌ ወር እዚህ ሮተርዳም በጋ ነው። በጋ ይባል እንጂ ሳምንቱን ሙሉ የሚዘንብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያን ዕለት ግን ሰማዩ ከማለዳ ጀምሮ ጥርት ብሎ፣ አየሩም የባሕር ዳርን የኅዳር ወር መስሎ ዋለ። በዚህ አገር ብስክሌት ላይ ሳልወጣ የምውልበት ቀን የለም፤ ሆኖም የምነዳው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናብና ነፋስ ፊቴን እየገረፈኝ ሥራ ለመድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ለደስታ ብሎ መንዳት የሚባለውን ነገር ከረሳሁት ቆይቻለሁ። ቅዳሜም የወጣሁት ያስጠገንኩት የኋላ ጎማ አየር መያዙን ለማየት ነበር። ግማሽ ሰዓት ነድቼ እመለሳለሁ ብዬ ውኃ እንኳ አልያዝኩም።

የማስን ወንዝ ይዤ ወደ ምሥራቅ ስነዳ ለስላሳ ነፋስ ከኋላዬ ይገፋኝ ስለነበር ፔዳሉ ያለ ድካም ይዞር ነበር። መመለሻዬ ነው ያልኩት ቦታ ሲደርስ እግሬ አልቆም አለ። ወደ ክሪምፐን የሚያሻግረው ድልድይ አጠገብ ግዙፍ የብረት በሮች ወደ ማስ ከሚገባው ከሆላንድሴ አይሰል ወንዝ በላይ ተሰቅለው ይታያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ገንፍሎ በዚህ አገር ከ1,800 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ ከተሠሩት መከላከያዎች የመጀመሪያው ሲሆን የተጠናቀቀውም በ1958 ነው። ማዕበል ሲነሣ በሮቹ ወርደው ወንዙን ይዘጋሉ። ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌበታለሁ፤ ቀና ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ወንዙ ወደ መስኩ እንዳይገነፍል በተሠራው ግድብ ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ አንተን በብርቱ የናፈቅሁህም እዚያ ነው። በስተቀኜ ትልቁ ወንዝ ከነመርከቦቹ ይፈስሳል፤ በስተግራዬ ደግሞ ላሞች የሚግጡበት ለምለም መስክ ከወንዙ ውኃ ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል፤ ከግድቡ ሥር የተሠሩት ቤቶች ጣሪያ ከብስክሌቴ ጎማ እኩል ነው። ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ ያደግሁ ሰው፣ ከባሕር በታች ባለ መሬት ላይ ገበሬ ድርቆሽ ሲሰበስብ ቁልቁል ሳይ ወረድ ብዬ ቆምኩ። የታጨደው ሣር ሽታ ግን ከእኛው ሣር ሽታ አንዳች ልዩነት አልነበረውም።

ከዚያ በጀልባ፣ ብስክሌቴን እንደያዝኩ፣ በጥቂት ደቂቃ ተሻግሬ ኪንደርዳይክ ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ የነፋስ ወፍጮዎች በቦዮች ዳር ቆመዋል። ወፍጮ ይባሉ እንጂ እህል አይፈጩም፤ ሥራቸው ከዝቅተኛው መስክ ውኃ እየቀዱ ወንዙ እስኪቀበለው ድረስ ወደ ላይ ማውጣት ነበር። ስምንቱ በ1738 በጡብ የተገነቡ ናቸው፤ በ1740 የተሠሩት ሌሎች ስምንቱ ደግሞ አካላቸው በሣር የተከደነ ስለሆነ ከሩቅ ሲታዩ የገጠር ጎጆ ይመስላሉ። ዛሬ ዋናውን ሥራ የሞተር ፓምፖች ይዘውታል፤ ቢሆንም አንዳንዶቹ ሸራቸውን ዘርግተው ይዞሩ ነበር፤ ክንፉ በአጠገብህ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ የትልቅ አሞራ በረራ ይመስላል።

አግዳሚ ላይ አረፍ ብዬ ሳለሁ አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ የቆመ ወፍጮ እንኳ ይናገራል ብለው አስረዱኝ። ክንፉ ከታችኛው ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ በቤቱ ደስታ አለ ማለት ነው፤ ያንን ጫፍ ጥቂት አልፎ ከቆመ ግን ሐዘን አለ። ጎረቤት ከሩቅ አይቶ ለማስተዛዘን ይመጣል።

ይህን ስሰማ እናታችን፣ የአንተ እናት፣ በዓይኔ መጡ። ያን ጊዜ በሰዓት የተከራየናት ብስክሌት ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኗ እምቢ ብሎ ሁለታችንንም ስትጥለን፣ ጉልበቴን ለብ ባለ ጨው ውኃ አጥበው፣ ለአባቴ ሳይናገሩ ያሳደሩኝ እርሳቸው ናቸው። ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያው ሳምንት መጻፍ ሲገባኝ ዘገየሁ፤ ከዘገየሁ በኋላ አፈርኩ፤ ያፈርኩበት ወር ዓመት ሆነ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። በመዘግየቴም ይቅር በለኝ።

ስመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ማታ ጸጥ አለ። በዚህ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ መንገዱን ሁሉ በወርቃማ ብርሃን ውስጥ ነዳሁት። በግድቡ ላይ የሚያልፉት ሁሉ ሰላምታ ይሰጡኝ ነበር፤ አንዲት ሕፃን ልጅ በትንሽ ብስክሌቷ ልትቀድመኝ ታግላ ስትቀድመኝ አባቷና እኔ አብረን ሳቅን። ቤት ስደርስ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ ነበር፤ ጎማውም አየሩን እንደያዘ ነው። እግሬ ዝሏል፤ ልቤ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀለል ብሎት ስለነበር ሳልተኛ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

አንተስ አሁንም ብስክሌት ትነዳለህ? በዘንባባው ጥላ ሥር ያለው መንገዳችን እንዴት ሆነ? ልጆቹን ማስተማር ጀምረህ እንደሆነም ጻፍልኝ፤ ቤዛዊትን ከመውጣታችሁ በፊት ግን ፍሬኑን አስፈትሽ።

ናፋቂ ወንድምህ፣ ከሮተርዳም