ሁለት ጀሪካን ለአምስት ሰው፦ የሰብዓዊ መብቶች ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ይሄ ክበብ ፖስተር ከመለጠፍ ሌላ ምን ይሠራል?» ሲባል ሰምቻለሁ። ፖስተሩን ለጥፈናል። ዘንድሮ ግን ጉዳያችን ውሃ ስለነበር በእግራችንም ሄደናል።

ስብሰባውን ላሳጥረው። ረቡዕ ረቡዕ ተገናኝተናል፣ ቃለ ጉባኤ ይዘናል። ኳስ ባለ ቀን የመጣ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ውሃ ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን 122 አገሮች ደገፉ፣ 41 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ልጆቹ «ታዲያ ማን ከለከለ?» አሉኝ። በችሎት ጨዋታችን በጆሃንስበርግ የሶዌቶ ነዋሪዎች ስለ ውሃ ያቀረቡትን ክስ ወሰድን። የደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 (እ.ኤ.አ.) ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነጻ ውሃ እንዲሰጥ ፈርዶ ነበር፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ልጆቹ እስከ ደወል ተጨቃጨቁ።

ከአባላቱ አንዷ ጠዋት ጠዋት ታረፍዳለች። እኔም ስንቴ በር ላይ አቁሜያታለሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚጠቅሰው መመዘኛ ውሃው ከቤት ከ1000 ሜትር አይራቅ፣ ደርሶ መልሱም ከ30 ደቂቃ አይብለጥ ይላል። ይህን ስናነብ «በኔ መንገድ እንለካው» አለች።

አንድ ቅዳሜ ተከተልናት። ርቀቱን የለካነው በገመድ ነው፤ ሜትር ጠይቀን «በጀት የለም» ተብለናል። 30 ደቂቃው ያለቀው ገና ቦኖው ጋ ተሰልፈን ሳለ ነው። ተራዋ ሲደርስ ሞላች፣ እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር ቁራጭ ፌስታል አድርጋ አጠበቀችው። ቤቱ ቧንቧ ያለው አንድ ልጅ «እኔ ልያዘው» አለ። ዳገቱ ላይ ሦስቴ አሳረፈው። እሷ ምንም ሳትል ገመዱን አስተካክላ አዘለችው።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ በቀን 2 ጀሪካን፣ 40 ሊትር፣ 5 ሰው። ለአንድ ሰው 8 ሊትር። ያ ልጅ «እኛ ቤት መኪና ሲታጠብ ከዚህ በላይ ይፈሳል» ብሎ አቀረቀረ። እኔ ደግሞ የማርፈጃ መዝገቤን ገልጬ ስሟን ቆጠርኩ። ስንት እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ያልተሳካም አለ። የውሃውን ንጽህና መመርመሪያ ስላላገኘን ስለጥራቱ አፋችንን ሞልተን መናገር አንችልም።

አሁን የምንጠይቀው አንድ ሮቶና የጣሪያውን ውሃ የሚሰበስብ አሸንዳ ነው። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ጀሪካናቸውን ሞልተው ይሄዳሉ። ደብዳቤውን አስገብተናል፤ ጠፋ ከተባለ ኮፒው እኔ ጋ አለ።