የቅዳሜው ስብሰባ፦ ለሆስፒታሉ ምን እንበል?

ሰላም የስኳር ክትትል ግሩፕ አባላት። ሆስፒታሉ አገልግሎቱ ላይ ምን ይስተካከል ብሎ ታካሚዎችን ሊያወያይ ነው። ከዚያ በፊት ሃሳባችንን ለማሰባሰብና ሁለት ተወካይ ለመምረጥ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፒያሳ፣ በለመድነው ቦታ እንገናኝ።

"ወረፋው ረዘመ" ብቻ ብንል የሚሰማን የለም። ባዶ ሆዱን ለደም ምርመራ የመጣ ሰው ካርድ ክፍል ስንት ሰዓት ቆመ? የጤና መድን እያለው የትኛውን መድኃኒት "የለም" ተብሎ ከውጭ ገዛ? እንዲህ እንዲህ ያለውን ከነቀኑ ጻፉና አምጡ። ጥሩ የተሠራም ካለ ይነገር። የክትትል ደብተራችሁን እንዳትረሱ።

አንዱ ተወካይ ከኩታበር ወይም ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ቢሆን እላለሁ፤ ሌሊት ተነስቶ መንገድ የሚጀምረው ሰው ችግር ለእኛ ለደሴዎቹ አይታየንም። መምጣት የማትችሉ ሃሳባችሁን በድምፅ ላኩልኝ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ "አለሁ" በሉ።